የመስቀል ወፍ አንሁን

(በሠፈራችን መረዳጃ ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



የሒሳብ ሪፖርቱን ሰምታችኋል፤ የድንኳኑና የወንበሩ ጉዳይም ተነጋግረንበት አልፏል። አሁን «ልዩ ልዩ» ወደሚለው አጀንዳ ገብተናል። ልዩ ልዩ ሲባል ሰው ቦርሳውን አንሥቶ ወደ በር ማየት ይጀምራል። ዛሬ ግን ጥቂት ታገሡን። የምንናገረው ስለ ጡረታ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ዘመድና ስለ ወፍ ነው። ወፍ ከመረዳጃ ማኅበር ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እስከ መጨረሻው ከሰማችሁን ግንኙነቱ ይገባችኋል።

በሠፈራችን በጡረታ የወጡ ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ እየጨመረ መሆኑን ሁላችሁም ታያላችሁ። ሰው 60 ዓመት ሲሞላው ከሥራው ይሰናበታል። የመጀመሪያውን ወር «ተገላገልኩ» ይላል፤ ሁለተኛውን ወር በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ በሦስተኛው ወር ጉልበቴን አመመኝ ማለት ይጀምራል። ልጆቹ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ ተበትነዋል። ወንድም እህቱ በየገጠሩ አሉ። ታዲያ መቼ ይገናኛሉ? እኛ ድንኳን የምንተክል ሰዎች መልሱን እናውቀዋለን። የሚገናኙት ለቅሶ ላይ ነው። ከሩቅ የመጣው ሰው ከመኪና ወርዶ ገና ከበሩ ሲደርስ «ሳላይህ! ሳላይሽ!» እያለ ነው የሚያለቅሰው። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! ማኅበራችን ሬሣ በክብር ያሳርፋል፤ ሐዘንተኛ ያጽናናል፤ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ነገር ግን ሰው በሕይወት ሳለ እንዲተያይ መርዳትስ መረዳዳት አይደለም እንዴ?

እንግዲህ ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑን ባልና ሚስት በመካከላችን አሉ። ስማችን አይጠራ ስላሉን አንጠራም፤ ምንም ብንደብቅ ደግሞ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። አባታችን ለ31 ዓመት የመሥሪያ ቤት ሾፌር የነበሩ ናቸው። እናታችን በጤና ረዳትነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። አራት ልጆች አሳድገው ሦስቱን ወደየሥራቸው ሸኝተዋል። አሁን በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ከሶዶ መናኸሪያ ተነሥተው በሚኒባስና በቅጥቅጥ ዘመድ ይጠይቃሉ፤ በመንገዱም ወፍ ያያሉ፤ ያዩትንም በደብተር ይጽፋሉ። መጀመሪያ የሰማን ጊዜ እኛም ፈገግ ብለን ነበር። በኋላ ደብተሩን አሳዩን። ቀኑ፣ ቦታው፣ የወፉ መልክና ድምፅ በሥርዓት ተጽፎበታል። በዚያው ገጽ ደግሞ የጠየቁት ዘመድ፣ የታመመው፣ የወለደችው፣ የታረቁት ሁሉ ሰፍሯል።

አባታችን ምን ይላሉ መሰላችሁ? «ለ31 ዓመት መንገዱን አየሁ እንጂ የመንገዱን ዳር አላየሁም። ዓይኔ ከአስፋልቱ ተነሥቶ አያውቅም። አባያን በጎኑ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፤ ሐይቁ ላይ ምን እንዳለ ብትጠይቁኝ ግን ከመስተዋቱ ሌላ አላየሁም።» አሁን ሌላ ሰው ይነዳል፤ እርሳቸው በመስኮት ያያሉ። ይህን የጡረታ ደሞዝ ነው ይሉታል።

የመጀመሪያ ጉዟቸው ወደ ምዕራብ አባያ ነበር። እዚያ የእናታችን ታላቅ እህት አሉ፤ ብዙ ዘመን በፊት ተድረው ሄደው የሙዝ እርሻ ዳር የሚኖሩ ናቸው። እህትማማቾቹ ከተያዩ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸው ነበር። በስልክ «ደኅና ነሽ? ደኅና ነኝ» ይባባላሉ፤ በቃ።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳሞታን ከኋላ ትተው ቁልቁል ወደ ሁምቦ ጠበላ ሲወርዱ አየሩ ይሞቃል፤ እንሰቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ ግራሩ ይመጣል። ሁምቦ ላይ ዓይናችሁን ወደ ተራራው አንሡ ይላሉ አባታችን። እርሳቸው በሾፌርነታቸው ዘመን የሚያውቁት ተራራ ራቁቱን የቀረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው የሁምቦ ደን ሥራ 2,728 ሄክታር መሬት ከልሎ እንደገና ደን አለበሰው። ያካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ወርልድ ቪዥን አግዟቸው የሠሩት ነው። የሚገርመው ደግሞ አብዛኛው ችግኝ ተተክሎ አይደለም። የተቆረጡት ዛፎች ሥራቸው ከመሬት በታች አልሞተም ነበር። ከጉቶው የሚወጣውን ቀምበጥ እየመረጡ፣ የቀረውን እየገረዙ፣ ከብትና መጥረቢያ ከልክለው ዛፉ ራሱ እንዲነሣ አደረጉ። ደኑ አየር በማጥራቱም በዓለም ባንክ በኩል ገንዘብ ተከፍሎበታል። ዛፍ ከተመለሰ ወፍ አይቀርም። የሞተ የመሰለን ነገር ሁሉ የሞተ አይደለም፤ ሥሩ ካለ ይነሣል። ዝምድናም እንደዚያው ነው።

ከሁምቦ ወዲያ ሜዳው ይከፈትና አባያ ይታያል። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በስፋት የሚበልጠው ይህ ነው። ቀለሙ እንደ ሻይ በወተት ቀይ ቡናማ ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ጫሞን ሰማያዊ፣ አባያን ቀይ አድርጎ ያያቸዋል። ለምን ቢባል ቢላቴና ሌሎች ወንዞች ያመጡት ደቃቅ አፈር ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ነው። ከየት የመጣ አፈር ነው? ከየቁልቁለቱ ማሳ፤ ከእኛም ከወላይታ ማሳ ጭምር ነው። ስለዚህ አባያን ስናይ ከደጃችን የታጠበውን መሬት እያየን መሆኑን እናስታውስ።

አሁን ወደ እህትማማቾቹ እንመለስ። ባልና ሚስቱ ቤቱ ሲደርሱ ታላቅ እህት በር ላይ ተቀምጠዋል። ተነሥተው አልተቀበሏቸውም። በድምፃቸው ሲለይዋቸው ግን «መጣሽ የመስቀል ወፍ?» ብለው አለቀሱ። ዓይናቸው አያይም ነበር! ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ «እርጅና ነው፤ ሰው እንዳይጨነቅ» ብለው ለማንም አልተናገሩም። በስልክ ዓይን አይታይ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከሐይቁ በኩል የወፍ ጩኸት ተሰማ። አባታችን ምንድነው ሲሉ ዓይነ ስውሯ እህት «እሱማ የዓሣ አሞራው ነው፤ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላዋ ትቀበለዋለች» አሏቸው። ወጥተው ሲያዩ እውነትም ሁለት ናቸው። ጭንቅላታቸውና ደረታቸው ነጭ፣ ሆዳቸው ቀላ ያለ፣ ክንፋቸው ጥቁር፤ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። ዓይን ያላቸው ሰዎች ወፉን በዓይነ ስውር መሪነት አዩት። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ይህ ነው።

እናታችን ግን የጤና ሰው ናቸውና የእህታቸውን ዓይን በብርሃን አዩ። ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ጋርዶታል። በአገራችን ለዓይን መታወር ዋናው ምክንያት ይኸው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፤ በአጭር ቀዶ ጥገናም የሚድን ነው። አላመነቱም፤ ይዘዋቸው ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ። ቀጠሮ ተሰጣቸው፤ ተመላልሰው አንደኛው ዓይን ታከመ። ዛሬ እኒያ እናት የልጅ ልጃቸውን መልክ ያያሉ፤ ሁለተኛው ዓይን ተራውን ይጠብቃል። ውድ አባላት፣ እዚህ ላይ አስቡ! ያ ጉዞ ባይደረግ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ለግፋታ እንሄዳለን፣ ለፋሲካ እንሄዳለን፣ ቤቱ ሲጠገን እንሄዳለን እየተባለ ሌላ ዘጠኝ ዓመት ያልፍ ነበር። መጨረሻው «ሳላይሽ!» ነው።

ከምዕራብ አባያ ቀጥለው አርባ ምንጭ ልጃቸው ዘንድ ሰነበቱ። ከከተማው በታች ምንጮቹ የሚፈልቁበት ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። እዚያ በዛፉ ጫፍ ላይ እንደ አህያ የሚያናፋ የሚመስል ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ አዩ፤ ምንቃሩ ላይ ሌላ ቀንድ የተደረበበት ነው። በመሬት የሚሄደው እርኩም ዘመዱ ነው። የዚህ ወፍ ኑሮ ጉድ ያሰኛል። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች፤ ባልየው ጭቃ ያመጣላታል፤ በሩን ትመርግና ምንቃር ብቻ የሚያስገባ ስንጥቅ ታስቀራለች። ከሦስት ወር በላይ እዚያው ታስራ ትቀመጣለች። እርሱ በየቀኑ ፍሬ እየለቀመ በስንጥቋ ያጎርሳታል፤ ጫጩቶቹንም እንዲሁ። እርሱ ከሞተ እነርሱም ችግር ላይ ይወድቃሉ። እናታችን ይህን ሲሰሙ ወደ ባለቤታቸው ዞር ብለው «አንቱ፣ እኔ አራት ስወልድ ስንት ቀን ነው ቤት የተገኙት?» አሏቸው። አባታችን ምን ይበሉ? «ፍሬ ለቀማ ሄጄ ነበር» አሉ። ይህን ሲያጫውቱን ብዙ ሳቅን፤ እናታችን ግን «አሁን ነው የተገናኘነው» ብለው ቁም ነገር ጨመሩበት። በእርግጥም ሾፌር ያገባች ሴት ባልዋን የምታገኘው በጡረታ ነው።

እዚያው ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለ ተገኘች አንዲት ወፍ የሰሙትም አባታችንን እንቅልፍ የነሣቸው ነው። ፓርኩ በአባያና በጫሞ መካከል ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጡ የወፍ ተመራማሪዎች በሜዳው የመኪና መንገድ ላይ ተዳምጣ የሞተች ወፍ አገኙ። ሌሊት ነፍሳት እየያዘች የምትበላ፣ ቀን መሬት ላይ ተለጥፋ የምትውል ዓይነት ናት፤ የሌሊት ወፍ የምንላት አይደለችም። ከሬሣዋ ሊወሰድ የቻለው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉን ከሌሎች ጋር ቢያስተያዩት ማንንም አልመስል አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም ላይ አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። የሳይንስ ስሟም «አንድ ክንፍ ብቻ» ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው። ቆየት ብሎ እ.ኤ.አ. በ2009 አየናት ያሉ ተጓዦች ነበሩ፤ የሰው እጅ የገባው ግን ያው አንዱ ክንፍ ነው። አባታችን «እኛ ሾፌሮች ስንቱን ሳናውቀው ረግጠነው አልፈናል!» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ በተሳፈሩበት መኪና ሁሉ ሾፌሩን «ልጄ፣ ረጋ በል» ማለት አመላቸው ሆኗል። ረጋ ማለቱ ለወፍም ለሰውም ይበጃል።

ሁለተኛው ጉዞ ሐዋሳና አዲስ አበባ ነው። በቦዲቲ፣ በሾኔና በሃላባ አድርገው፣ ቢላቴን ተሻግረው ሻሸመኔ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ሐዋሳ ቅርብ ነው። ሐዋሳ የልጅ ልጆቻቸው አሉ። ሽማግሌ ከሕፃን ጋር ምን ይጫወታል? ወሬው ወዲያው ያልቃል፤ ልጁ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል። እነርሱ ግን ልጆቹን ይዘው በጠዋት አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ ይወርዳሉ። እዚያ አንገቱ ላይ ኮዳ የመሰለ ከረጢት የሚያንጠለጥለው አባ ኮዳ እንደ ሽማግሌ ዳኛ ቆሞ የዓሣ ትራፊ ይጠብቃል። የልጅ ልጃቸው የወፍ ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ እየተረጎመች ታነብላቸዋለች፤ እነርሱ ደግሞ ያደጉበትን አገር ተረት ይነግሯታል። ከዚህ የተሻለ ምን ትምህርት አለ?

ከሻሸመኔ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ መንገዱ በአብያታና በሻላ ሐይቆች በኩል ያልፋል። እዚህ ደስታ ብቻ አይደለም ያዩት። ፔሊካን የሚባለው ከምንቃሩ ሥር ትልቅ ከረጢት ያለው ነጭ የውሃ ወፍ በሻላ ደሴት ላይ ይፈለፍል ነበር። ደሴቱ ጅብና ቀበሮ ስለማይደርስበት ለልጆች ማሳደጊያ ይመቻል። ሻላ ግን የሚረባ ዓሣ የለውም። ስለዚህ ወላጆቹ ፀሐይ አየሩን እስክታሞቀው ጠብቀው፣ በሙቀቱ ወደ ላይ ተንሳፍፈው፣ ኮረብታውን ተሻግረው ከአብያታ ዓሣ እየያዙ ልጆቻቸውን ይመግቡ ነበር። ወደ አብያታ የሚገባው ውሃ ለመስኖ ሲወሰድ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃ ሲቀዳ፣ ሐይቁ እጅግ ሸሸ፤ ጨዋማነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹም ማሳደጊያቸውን ጥለው ሄዱ። የሚበላና የሚወለድበት ቦታ ሲለያይ፣ አንዱ ከጠፋ ሌላውም ይጠፋል።

ከአዲስ አበባ ሲመለሱ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በአረካ በኩል ይመጣሉ። ዙሩን ሞሉት ማለት ነው። አረካ ሲደርሱ የአጆራን መንትያ ፏፏቴ ሳያዩ አያልፉም። ከገደሉ አፋፍ ሆነው ጭልፊትና ንስር ከእግራቸው በታች ሲንሳፈፉ ያያሉ፤ ንስርን ጀርባውን ማየት እንዲህ ያለ ቦታ ካልሆነ አይገኝም። ይህ ደግሞ የራሳችን አገር ነው፤ ከመካከላችን ስንቶቻችን አይተነው እናውቃለን?

አሁን ስለ መስቀል ወፍ እንናገር። አባቶቻችን በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ሰው «የመስቀል ወፍ» ይሉታል። ክረምቱ ሲወጣ፣ አደይ ሲፈነዳ፣ ግፋታና መስቀል ሲደርስ፣ ቀይና ጥቁር፣ ቢጫና ጥቁር የለበሱ ትንንሽ ወፎች በየሣሩና በየማሽላው ላይ ይታያሉ። ጥቂት ሰንብተው ይጠፋሉ። የት ሄዱ? ሁላችንም ከሩቅ አገር መጥተው የተመለሱ ይመስለን ነበር። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ከእነዚህ ወፎች ብዙዎቹ የትም አይሄዱም። ወንዱ የሚያምረው በሚራባበት ወራት ነው፤ ወራቱ ሲያልፍ ያን ልብሱን ያወልቅና እንደ ሴቷ አመዳማ ቡናማ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ከአጥራችን ላይ ነው። ያላየነው እኛ ነን።

በእርግጥ እውነተኛ መንገደኞችም አሉ። ከአውሮፓና ከእስያ በመስከረምና በጥቅምት የሚመጡ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የሚመለሱ ወፎች ስምጥ ሸለቆአችንን እንደ አውራ ጎዳና ይጠቀሙበታል። ከጣራችን ሥር የምትሽከረከረው፣ ጭራዋ እንደ መቀስ የተከፈለው ወፍ ክብደቷ 20 ግራም ቢሆን ነው፤ ባሕርና በረሃ አቋርጣ ትመጣለች። 20 ግራም ይህን ካደረገ፣ እኛ ሚኒባስ ተሳፍረን አርባ ምንጭ መድረስ እንዴት ያቅተናል?

ዘመድም እንዲሁ ነው ወገኖቼ። በግፋታ ዕለት ለብሶ፣ አጊጦ፣ ዳጣውና ሥጋው ቀርቦ፣ ጋዚያው ሲጨፈር የምናየው ዘመድ በሌላው ወር ቡናማ ለብሶ አለ። ታሞ፣ ተክዞ፣ ዓይኑ ጠፍቶ አለ። በበዓል ማየት መልካም ነው፤ ያለ በዓል ማየት ግን ዘመድነት ነው።

ባልና ሚስቱን ጠይቀን ለሚጓዙ አባላት የሚጠቅመውን እንደሚከተለው ይዘናል።

አንደኛ፣ በጠዋት መነሣት ነው። ወፍም በጠዋት ይታያል፤ መንገዱም በጠዋት ይሻላል። በሌሊት አትጓዙ።

ሁለተኛ፣ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይያዝ እንጂ ጣራ ላይ ከሚጫነው ዕቃ ጋር አይታሰር። መድኃኒቱ ለስንት ቀን እንደሚበቃ ይቆጠር።

ሦስተኛ፣ ውሃ ይያዝ። ሽንት እንዳያስቸግረን ብለው ሳይጠጡ የሚሄዱ ሽማግሌዎች በቆላው መንገድ ይወድቃሉ። ረዳቱን ቁም ለማለት ማፈር አያስፈልግም።

አራተኛ፣ ለዘመድ ሸክም አትሁኑ። እነርሱ ከቤታቸው ጥቂት ቦዬና ቡና ይዘው ይሄዳሉ፤ ሦስት ቀን ሰንብተው ይነሣሉ። «ሳይሰለቹን መውጣት ነው» ይላሉ እናታችን።

አምስተኛ፣ ወፍ ለማየት ገንዘብ አይጠይቅም። ልጃቸው የላከላቸው የሩቅ ማሳያ መነጽር አለ፤ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ያለ እርሱ ነው ያሳለፉት። ደብተር፣ እርሳስና ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል። ኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያ ያለባት አገር ናት፤ ከእነርሱም ሌላ አገር የማይገኙ አሉ። መጓዝ የማይችል ሰው ከበሩ ላይ ሆኖ ሊጀምር ይችላል።

ከበራችን ካነሣን አይቀር ስለ ጥንብ አንሳ አንድ ነገር እንበል። ብዙ ሰው ይጸየፈዋል፤ ልጆችም በድንጋይ ይመቱታል። ሕንድ አገር ለከብት ይሰጥ የነበረ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ጥንብ አንሶችን ጨረሳቸው፤ የሞተውን ከብት ሲበሉ ኩላሊታቸው እየተበላሸ ከአንዳንዱ ዝርያ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ አለቀ። ጥንቡ በሜዳ ቀረ፤ ውሻ በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ተከለከለ። በከተሞቻችን የሚታየው ትንሹ ጥንብ አንሳም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ሊጠፉ በጣም ከተቃረቡት ተመዝግቧል፤ ዋናው ምክንያት መርዝ ነው። ስለዚህ ለውሻና ለጅብ ተብሎ መርዝ በሜዳ አይጣል፤ ወንጭፍም ከልጆች እጅ ይውጣ። ያለ ደሞዝ የሚያጸዳልንን ሠራተኛ አንግደል።

አሁን ወደ ማኅበራችን እንምጣ። ደንባችን የወጣው አባላቱ አብዛኞቹ ሥራ ላይ በነበሩበት ጊዜ ነው። በቀብር ያልተገኘ፣ የድንኳን ተራውን ያልተወጣ አባል ይቀጣል ይላል፤ ተገቢ ነው፤ ያለ ቅጣት ማኅበር አይቆምም። አሁን ግን «ብሄድ በሌለሁበት ሰው ቢሞት እቀጣለሁ፤ ቤቴንስ ማን ያይልኛል» እያሉ ከበር የማይነቃነቁ ሽማግሌዎች አሉን። ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል።

1. ዕድሜው 60 ዓመት የሞላ አባል ዘመድ ለመጠየቅ ሲሄድ አስቀድሞ ለጸሐፊው ካስመዘገበ፣ በዓመት ውስጥ እስከ 30 ቀን ከቀሪ ቅጣት ነፃ ይሁን።

2. የድንኳንና የጥበቃ ተራ ከደረሰው ከወጣት አባላት አንዱ ይተካለት፤ ተተኪውም በመዝገብ ይያዝለት።

3. የሄደውን አባል ቤት ግራና ቀኝ ያሉ ጎረቤቶች በአደራ ይጠብቁ።

4. ሲመለስ በሚቀጥለው ስብሰባ ያየውን ለአሥር ደቂቃ ይንገረን። ዘመድ ታሞ አግኝቶ እንደ ሆነ ማኅበሩ ይወቅ፤ የምንረዳበት መንገድ ካለ እንረዳ።

በዚህ ሐሳብ ላይ ቅሬታ ያለው አባል አለ። «ሁሉም ሽማግሌ አንድ ላይ ቢሄድ ማን ይቀብራል?» ይላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሳችን መዝገቡ ነው፤ ከአምስት አባላት በላይ በአንድ ጊዜ አይመዘገብም፤ በሞት የተጠራ ሰው ያለው ግን አይከለከልም። ሌላ የተሻለ መላ ያለው ካለ በጽሑፍ ያምጣ፤ ጽሕፈት የማይችልም በቃሉ ይንገረን፤ እንጽፍለታለን። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ነው።

እስከዚያ ድረስ የምንጠይቃችሁ አንድ ቀላል ነገር ነው። ዛሬ ማታ እቤታችሁ ስትገቡ፣ ካየሁት ስንት ጊዜ ሆነኝ የምትሉትን አንድ ሰው ስም ጻፉ። አንድ ብቻ። ከዚያ የትኛው መኪና ወደዚያ እንደሚሄድ ከመናኸሪያ ጠይቁ። በመስኮት በኩል ተቀመጡ።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ሥራ አመራር ኮሚቴው
ወላይታ ሶዶ